ደረቅ መርፌና የሚስብ ኩባያ ለሕመም ማስታገሻ፦ ለክርስቲያን ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ማንሣትና መንከባከብ ስለሆነ ቀኝ ትከሻዬንና አንገቴን ካመመኝ ዓመት አልፎኛል። ሐኪሙ አጥንቴ ደኅና መሆኑን አይቶ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። እዚያ ያለችው ባለሙያ «ድራይ ኒድሊንግ» በሚባል ቀጭን መርፌ ልውጋሽ፣ «ካፒንግ» በሚባል ኩባያም ልሳብሽ አለችኝ። ጓደኛዬ «የቻይና አምልኮ ነው፤ እንዳትሞክሪው» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ በስልክ «ያው ዋግምት ነው፤ መጥፎውን ደም ካወጣልሽ ምን አለበት» ትላለች። ዘማሪት ነኝ፤ እቆርባለሁ፤ ጠበልም እጠመቃለሁ። በጾም ወቅት ይሆናል? ማዕተብሽን አውልቂ ብትለኝስ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅታችን፣ ጓደኛዎና እናትዎ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው፤ ባለሙያዋ ልትሠራልዎ ያሰበችው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለዚህ ይፈቀዳል አይፈቀድም ከማለታችን በፊት ምን እንደሚደረግ እንወቅ።

ደረቅ መርፌ የተባለው በመርፌው ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ስለሌለ ነው። መርፌው ድፍን ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ለምርመራ ደም የሚቀዳበት የተለመደው መርፌ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑን ቢያስቡ ቅጥነቱ ይገባዎታል። ባለሙያዋ በጣቷ እየዳሰሰች በጡንቻው ውስጥ የጠጠረውንና ሲጫኑት እስከ ራስ ወይም እስከ ክንድ ድረስ የሚያመውን ቋጠሮ ትፈልጋለች፤ ቆዳውን በአልኮል ትጠርጋለች፤ ከዚያ መርፌውን በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መርታ ወደ ቋጠሮው ታስገባለች። መርፌው ቦታውን ሲያገኝ ጡንቻው ሳያስቡት ብልጭ ብሎ ይዘላል። ይህ ያስደነግጣል እንጂ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚጠብቁት ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ጡንቻው ከባድ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ጡንቻ ይዝላል፣ ይታመማል።

ይህ አሠራር የተነሣው ከሕክምና ቤት ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበረችው ጃኔት ትራቬል በእነዚህ ቋጠሮዎች ውስጥ ማደንዘዣ እየወጋች ሕመምተኞችን ትረዳ ነበር። በኋላም በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካሬል ሌዊት የተባለ የቼኮዝሎቫኪያ ሐኪም፣ ማደንዘዣው ባይኖርም የመርፌው መግባት ብቻውን ሕመሙን እንደሚያበርድ ጽፏል። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ የሚሠራበት መርፌ ከቻይናው አኩፓንክቸር የመጣው ያው ቀጭን መርፌ ነው፤ የሚወጉት ቦታዎችም ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። ልዩነቱ በሐሳቡ ላይ ነው። የጥንቱ የቻይና ትምህርት በሰውነት ውስጥ ስለሚፈስ የሕይወት ኃይል ይናገራል፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ግን የምትፈልገው የተኮማተረ ጡንቻ ነው።

ካፒንግ ደግሞ ከመስታወት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ኩባያ ቆዳ ላይ ተደፍቶ አየሩ ሲመጠጥ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ወደ ላይ መሳብ ነው። ደረቁ ዓይነት ምንም አይቆርጥም። በአንድ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ወይም ቆዳው ዘይት ተቀብቶ ኩባያው እየተንሸራተተ ይሠራል። የሚተወው ክብ ምልክት ከቆዳ ሥር ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈንድተው የሚያመጡት ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሪዮ ኦሎምፒክ የዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻ ላይ ዓለም ሁሉ ያየው ይኸው ነው። ምልክቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጥላው ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። «በጣም ከጠቆረ በሽታው ብዙ ነው፣ መርዝ ወጣ» የሚሉትን አይመኑ፤ ጥቁረቱ የሚናገረው ኩባያው ምን ያህል አጥብቆ እንደ ሳበና ምን ያህል እንደ ቆየ ብቻ ነው።

ወደ ሃይማኖቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሥጋ ገበያ የጻፈው ለዚህ ጥያቄ ልክ ነው (1ኛ ቆሮ. 10፥25-28)። በገበያ የተሸጠውን ሥጋ ከየት መጣ ብላችሁ ሳትመረምሩ ብሉ አለ። አንድ ሰው ግን «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካላችሁ፣ ስለ ነገራችሁ ሰውና ስለ ሕሊና አትብሉ አለ። መርፌው ቻይና መፈልሰፉ አያረክሰውም፤ ወረቀትም የመጣው ከቻይና ነው፣ መጻሕፍቶቻችንንም እናትምበታለን። ሥራው አምልኮ የሚሆነው አምልኮ ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ ስለ ጡንቻና ስለ ነርቭ እየተናገረች ከሠራች በነፃ ሕሊና ይታከሙ። ኃይል ይከፈትልሽ ብላ ቃል እንዲደግሙ ካደረገች፣ በምስል ፊት ዕጣን ካጤሰች፣ ኮከብሽን ልቁጠር ካለች፣ የእናትሽን ስም ንገሪኝ ካለች፣ ክታብ ወይም ክር ካሰረችልዎ ተነሥተው ይውጡ። የመጨረሻዎቹ ከቻይና የመጡ አይደሉም፤ የእኛው አገር ናቸው፣ ሰው ግን ከቻይናው ይልቅ ለእነሱ ይለሰልሳል።

በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ሥጋችሁን አትቧጥጡ የሚለውን ጠቅሰው የሚያስፈራሩም አሉ። ቃሉ የሚከለክለው ስለ ሞተ ሰው ሐዘን ሥጋን መቆራረጥን ነው፤ ስለ ሕክምና አልተናገረም። ስለ ሕክምና የሚናገረው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ነው። እዚያ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ቅደም ተከተሉንም ልብ ይበሉ፦ ታማሚው መጀመሪያ ይጸልይ፣ ከኃጢአት ይራቅ፣ ከዚያ ለባለ መድኃኒቱ ቦታ ይስጥ ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሡ ሕዝቅያስ ጸሎት ከተሰማ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጓል። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን የተናገሩት፣ አንዱን ለመውሰድ ሌላውን የሚጥሉ ሰዎች በመብዛታቸው ነበር።

ስለ ቁርባን። ከቅዱስ ቁርባን በኋላ በዚያ ቀን ደም እንዳይፈስ፣ ምራቅ እንዳይተፋ እንደምንጠነቀቅ ያውቃሉ። ደረቅ መርፌ ሲነቀል አልፎ አልፎ አንዲት ጠብታ ደም ይወጣል። ስለዚህ በቆረቡበት ዕለት፣ እንዲሁም ለመቁረብ በሚዘጋጁበት ዋዜማ አይወጉ። እሑድ የሚቆርቡ ከሆነ ቀጠሮዎን ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ ያድርጉት፤ ሕመሙም እስከ እሑድ ይበርዳል፣ በቅዳሴም ሳይቸገሩ ይቆማሉ። የኩባያው ምልክት ከቆዳ ሥር ያለ ደም ስለሆነ ወደ ውጭ ስለማይፈስ ከቤተ ክርስቲያን አያግድዎትም። ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ከፈነዳና እየፈሰሰ ከሆነ ግን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ስለ ጾም፣ መርፌ ምግብ አይደለም፣ ጾም አያስገድፍም። ችግሩ ሌላ ነው። ባዶ ሆድ ላይ፣ ውሃም ሳይጠጡ የተወጋ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ የደም ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ ይገረጣል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን ከዚያ በኋላ፣ ጥቂት በልተውና ውሃ ጠጥተው ያድርጉት። ካልተቻለ ተኝተው ይወጉ እንጂ ተቀምጠው አይሁን፤ ሳይበሉ እንደመጡም አስቀድመው ይንገሩ። ስግደቱን ደግሞ በተወጉበት ቀንና በማግስቱ በንስሐ አባትዎ ፈቃድ በመዝሙረ ዳዊት ቢተኩት መልካም ነው። ትከሻ ዝሎ ሳለ በእጅ ደግፎ መነሣት ቋጠሮውን መልሶ ያስጨብጠዋል።

ማዕተብዎን ማውለቅ አያስፈልግም። ክሩ ላላ ያለ ከሆነ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ይገፋል፤ ባለሙያዋ ከመርፌው ጋር እንዳይነካካ ብትፈራ በእጅዎ አንጓ ላይ ይጠምጥሙት። ለምን እንደማያወልቁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሯት ትረዳለች። ወንድ ባለሙያ ከሆነና ጀርባ መግለጥ ከከበደዎት ሴት ይመደብልኝ ማለት፣ የማይታከመውን ክፍል በአንሶላ መሸፈን የተለመደ መብት ነው። ቅባ ቅዱስ ተቀብተው ከሄዱ ይናገሩ፤ ቆዳው ከመወጋቱ በፊት በደንብ መጠረግ አለበት፣ ኩባያውም በቅባቱ ላይ ይንሸራተታል። ጠበል ከመርፌ በፊት ይጠመቁ፣ ወይም በማግስቱ። በብዙ ሰው የተጨናነቀ ጠበል ውስጥ ትኩስ ቀዳዳ ይዞ መግባት ኢንፌክሽን መጥራት ነው። እምነቱንም በተወጋው ቦታ ላይ በዚያው ቀን አይቀቡ፤ ግንባርዎን ይቀቡ።

አሁን ስለ ጥንቃቄው፤ ይህም ከሃይማኖቱ የተለየ አይደለም፣ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነውና። የእርስዎ ሕመም ያለበት ቦታ፣ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ፣ ከሥሩ የሳንባ ጫፍ አለበት። የሠለጠነ ባለሙያ ጡንቻውን በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ አንሥቶ መርፌውን ወደ ራሱ ጣት አቅጣጫ ይመራል፤ ወደ ደረት ወደ ታች አይወጋም። ይህን ካላደረገች ወይም «ሁለት ቀን ኮርስ ወሰድኩ» ካለችዎ እጅዎን ይሰብስቡ። ከተወጉ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ወይም በማግስቱ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ደረቅ ሳል ከመጣ ሳንባ ተበስቶ አየር አፈትልኮ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ምርመራ ሳይደረግልዎ አውሮፕላን አይሳፈሩ። መርፌው በዓይንዎ ፊት ከታሸገ ወረቀት ወጥቶ ከተጠቀሙበት በኋላ በስለት ማስወገጃ ሣጥን ውስጥ መጣል አለበት።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ ደማቸው በቀላሉ የማይቆም፣ እርጉዝ የሆኑ፣ ከአንድ ወገን ብብታቸው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ተወግዶ እጃቸው የሚያብጥ ሰዎች ሁሉንም አስቀድመው መናገር አለባቸው። ኩባያ በቆሰለ ወይም በፀሐይ በተቃጠለ ቆዳ፣ በአበጠ የደም ሥር፣ በእርጉዝ ሆድና ወገብ ላይ አይደረግም። ስኳር ያለባቸው ሰዎች የቆዳቸው ስሜት ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል በእሳት ከሚሞቀው ኩባያ ይጠንቀቁ፤ በአልኮል የተነከረ ጥጥ እየተለኮሰ የሚሠራው ብዙ ሰው አቃጥሏል። በእጅ ፓምፕ የሚሠራው ይሻላል። አንገት ፊት ለፊት ግን በማንም አያስነኩ።

እናትዎን በተመለከተ፣ ዋግምት በቀንዱ ቆዳ ስቦ በምላጭ በጥቶ ደም ማውጣት ነው። እናትዎ ያሉት በክፋት አይደለም፣ ያደጉበት ሕክምና ነው። በገልፍ አገሮች ያሉ እኅቶቻችን ሒጃማ በሚባለው መልክ ያገኙታል፤ ደም የሚያወጣው እሱ ነው። ለእርስዎ ግን አልመክርም። በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው ከተበጣ፣ ወይም ደሙ በአፍ በሚመጠጥ ቀንድ ከተሳበ፣ ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ቢ ይተላለፋሉ። በእኛ ቆዳ ላይ የሚበጣው ጠባሳም ብዙ ጊዜ አብጦ ይቀራል። «መጥፎ ደም» የሚባል ለብቻው የተከማቸ ነገር በትከሻዎ ውስጥ የለም።

በመጨረሻም ስለ ውጤቱ ተስፋዎን ይመጥኑ። ደረቅ መርፌ ሕመምን ለአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ለኩባያው ማስረጃው ከዚያ ይደክማል፣ ምክንያቱም ኩባያ መደረጉን የማያውቅ ሕመምተኛ ስለሌለ ውጤቱን በትክክል መመዘን ያስቸግራል። ሁለቱም ጡንቻውን ያላሉት እንጂ አያጠነክሩትም። ስለዚህ ባለሙያዋ የምትሰጥዎትን እንቅስቃሴ በየቀኑ ይሥሩ፣ አረጋዊ ሲያነሡ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ይነሡ፣ የአረጋዊውን አልጋ ከፍታ ያስተካክሉ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተወግተው ምንም ለውጥ ካላዩ ደጋግመው አይወጉ፤ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የእጅ መድከም ወይም መደንዘዝ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከደረት ጋር ተያይዞ ላብ ካመጣ፣ ወደ መርፌ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።