ሕግ ተመርቆ ግራ ለገባው ሁሉ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ባለፈው ሳምንት «ሕግ ተምራችሁ የት እንደምትሄዱ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ግራ የገባው ሰው ይህን ያህል ይበዛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ስለ ራሴ ባጭሩ፦ ሥራ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ነጻ የሕግ ድጋፍ ላይ ጀመርኩ፣ ከዚያ ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ተከሳሾች መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ሆንኩ፣ አሁን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ጠባብ ቢሮ ተከራይተን ጥብቅና እንሠራለን። የሥራ ክርክርና የቤተሰብ ጉዳይ ይበዛብናል። ሁሉንም ጥያቄ አልመለስኩም፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ በ2.7 ነው የተመረቅሁት። የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። ስምንት ወር ግን ቤት ተቀምጫለሁ። ሰው የሚጠቅም ሥራ ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቤት በመውጣት። ቀልዴን አይደለም። ሰኞ ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት ሂድና ችሎት ግባ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ስልክህን አጥፍተህ ከኋላ ዝም ብለህ መቀመጥ ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ለአንድ ወር። የትኛው ጠበቃ መዝገቡን አንብቦ እንደመጣና የትኛው በር ላይ ቆሞ እንደገለጠው፣ ዳኛው ምን ሲባል ብዕር እንደሚያነሣና ምን ሲባል ሰዓቱን እንደሚያይ፣ ይህንን በአምስት ዓመት ትምህርት ማንም አላሳየህም። ስትወጣ ደግሞ ግቢው ውጭ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ተመልከት። ለጠበቃ መክፈል የማይችል ሰው ጉዳዩን መጀመሪያ የሚናገረው ለእነሱ ነው፣ ብዙ ጉዳይም እዚያች ወንበር ላይ ይበላሻል።

ከዚያ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ፈልግና በበጎ ፈቃድ ግባ። ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐረማያ፣ የሕግ ትምህርት ቤቶቹ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል። ነጥብህን ማንም አይጠይቅህም። እጅ ነው የሚፈልጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውትህ። የሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጥኩ በሁለተኛው ወር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጣች። ወረቀቶቿን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ይዛለች። የስንብት ደብዳቤዋን አውጥታ ሰጠችኝ። ታጥፎ ታጥፎ መሐሉ ሊበጠስ ደርሷል። እኔም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37፣ ፍትሕ የማግኘት መብት፣ ምናምን እያልኩ ክስ ጻፍኩላት። ሁለት ገጽ ተኩል። ሲያምር! ለአለቃዬ ሳሳያት አንድም ቃል ሳታነብ «ደብዳቤው የተሰጣት መቼ ነው?» አለችኝ። ቆጠርን። ሦስት ወር ከአምስት ቀን። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ በሦስት ወር ይርጋ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል፤ ያኔ በነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/96ም፣ አሁን ባለው 1156/2011ም ያው ነው። የሥራ ኃላፊው «ቆይ እናስተካክላለን» እያለ ሲያመላልሳት ከርሟል። ግን ወደኔ የመጣችው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነበር። ያኔ ጊዜው አላለፈም ነበር። ዘጠኙን ቀን እኔ ነኝ ክስ ሳሳምር የፈጀሁት።

የስንብት ክፍያውንና የቀረውን ደመወዝ፣ የስድስት ወሩ ይርጋ ስላላለፈ፣ አስከፈልንላት። ሥራዋን ግን አላገኘችም። አመስግናኝ ሄደች፣ እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ስለዚህ «ሰው የሚጠቅም ሥራ» ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀን መቁጠር ትችላላችሁ ወይ ብዬ ነው። ልብማ ሁላችሁም አላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። እኔ የምፈልገው ሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ኤንጂኦ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ማሳደድ መስሎ ይታየኛል። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ግማሽ በግማሽ። ኤንጂኦ ትልቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል እኔም አምናለሁ። በ1987 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና ብዙ ሳይቆይ ተጠልፋ ጠላፊዋን ለገደለች የ14 ዓመት ልጅ ቆመላት፣ ልጅቷም ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ ነጻ ወጣች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከክስ ያመልጥ ዘንድ በር ይከፍት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፣ እንደ ማኅበሩ አባላት ያሉ ሴቶች ዓመታት ከጮኹ በኋላ። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሆነው እስከ 2015 ሠርተዋል። ግን ልብ በይ፣ ከማኅበሩ በፊት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ክርክር ምን እንደሆነ አውቀው ነው የገቡበት።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ይኸውልሽ። በ2001 አዋጅ 621 ወጣ። ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት መብት ላይ አይሠራም ተባለ። የማውቃቸው ጎበዝ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ጠረጴዛቸውን ለቀው ወጡ። አዋጁ በ2011 በ1113 ተተክቶ ነገሩ ተከፈተ። ሕጉ ቢከፈትም ግን ፕሮጀክት ሲያልቅ ወንበሩም አብሮ ያልቃል። የጥብቅና ፈቃድ የነበራቸው በማግስቱ ሌላ ቦታ ሆነው ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። ሪፖርት መጻፍ ብቻ የለመዱት ግን ተቸገሩ። ኤንጂኦ ግቢ፣ ግን ችሎት የሚያስቆምሽን ሥራ ምረጪ።

ጥያቄ፦ ባንክ ነገረ ፈጅ (የባንኩ የሕግ ባለሙያ) ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ጓደኞቼ «ሕሊናህን ሸጥክ» ይሉኛል። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ እናቴን የምረዳው እኔ ነኝ።

መልስ፦ እናትህን ርዳ። ጓደኞችህን ተዋቸው፣ ሁለት ዓመት ቆይተው ክፍት ቦታ አለ ወይ ብለው ይደውሉልሃል።

ከምር ስናወራ ግን፣ በአዋጅ 97/90 መሠረት ባንክ ብድሩ ካልተከፈለው ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ያን ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው ማነው? አንተ ነህ። ቤቱን ያስያዘ ሰው የማይገባውን ወረቀት ትልክለታለህ ወይስ ምን ያህል እንደሚቀረው፣ እስከ መቼ፣ ለማን መክፈል እንዳለበት ለይተህ ትነግረዋለህ? ዳኛ መሐል በሌለበት ቦታ ሕጉን አክብሮ የሚሠራ ነገረ ፈጅ ለሰው ቤት ዋስ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ እውነት ለመናገር በአማርኛ ክስ መጻፍ አልችልም። አምስት ዓመት የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ብቻ ነኝ?

መልስ፦ ኧረ ሁላችንም ነን! በእንግሊዝኛ ተምረን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ልንከራከር እንወጣለን። የመጀመሪያ ክሴን ሳየው ዛሬም ያሳፍረኛል፣ የተተረጎመ መድኃኒት መመሪያ ነው የሚመስለው።

መድኃኒቱ ማንበብ ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎችን፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት የሰጣቸውን፣ በቅጽ በቅጽ ያሳትማል። ከ1997 ጀምሮ የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ለክርክር ትፈልጊዋለሽ፣ ለቋንቋውም ይሆንሻል። በቀን አንድ ውሳኔ። የገረመሽን ሐረግ በእጅሽ ገልብጪ፣ በስልክ ፎቶ ማንሣት አይቆጠርም። ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን 222፣ 223፣ 234 እና 244 በአማርኛ ደግመሽ ደጋግመሽ አንብቢ፦ ክስ ምን ምን ይይዛል፣ ምን ይያያዝበታል፣ መልስ እንዴት ይሰጣል፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ምንድን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ረቂቁ በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው፣ እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛው አጥንተነዋል፣ ሁለቱ ቅጂዎች ሲጋጩ ግን ገዢው አማርኛው ነው። የእንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ ችሎት ገብቶ ላብ ያጠመቀው ጠበቃ በዓይኔ አይቻለሁ። (እኔ ነበርኩ።)

ደግሞ አንድ ልማድ ልስጥሽ። ክሱን ከጨረስሽ በኋላ ለባለጉዳይዋ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። «እንዴ፣ እንደዚህማ አይደለም የሆነው» የምትልበት ቦታ ይኖራል። ሁሌም ይኖራል።

ጥያቄ፦ ተከላካይ ጠበቃ በነበሩበት ጊዜ፣ ገድሏል ብለው ለሚያምኑት ሰው እንዴት ይቆማሉ? እኔ የምችል አይመስለኝም።

መልስ፦ ይህን እናቴም ትጠይቀኝ ነበር። በተለይ ሰው ቤት ለቡና ስንጠራ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም ሲያቅተውና ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት እንዲያቆምለት ያዛል። ንጹሕ ለሆነ ብቻ አይልም። የገደለም ቢሆን በየትኛው አንቀጽ ነው የሚጠየቀው? አስቦበት ነው ወይስ በድንገተኛ ጠብ? ቅጣት የሚያቀልለት ነገር አለ? ይህን የሚጠይቅለት ከሌለ ዐቃቤ ሕግ የጻፈው ብቻ ይቀራል። ደግሞ አብዛኛው ሥራ ግድያ አይደለም። አንድ ወጣት ነበር፣ ዋስትና ተፈቅዶለት 2,000 ብር የሚያሲዝለት አጥቶ አራት ወር የቆየ። ቤተሰቡ ገጠር ነው፣ መታሰሩንም አያውቁም። በሰው ዋስትና ይለወጥልን ብዬ አንድ ገጽ ማመልከቻ አስገባሁ፣ አጎቱን በስልክ አፈላልገን አመጣን፣ ወጣ። ክርክር የሚባል ነገር አልነበረውም። መዝገቡን የገለጠ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው ልጁ እዚያ የከረመው።

ከባድ ነው ወይ? አዎ። መዝገብ ይበዛል፣ ደንበኛህን ብዙ ጊዜ የምታገኘው በቀጠሮው ዕለት ነው፣ ደመወዙም አያወላዳም። እኔ ስድስት ዓመት ቆይቼ ወጣሁ፣ ደክሞኝ ነው የወጣሁት። ግን ዛሬ ምስክር መጠየቅ የምችለው እዚያ ስለተማርኩ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጠበቃ ቢሮ «ልምድ ታገኛለህ» ብለው ያለ ክፍያ እያሠሩኝ ነው። አምስት ወር ሆነኝ።

መልስ፦ እኔም ሰባት ወር ሠርቻለሁ፣ ፎቶ ኮፒና ምሳ በማመላለስ። ጠበቃው አንድም ቀን ችሎት ይዞኝ አልገባም፣ የታክሲ እንኳ አልሰጠኝም። መለኪያዬ እንዲህ ነው፦ ባለፈው ወር ስንት ክስ ወይም መልስ ረቂቅ ጻፍክ? የጻፍከውንስ በቀይ አርሞ የመለሰልህ አለ? ካለ ትንሽ ታገሥ፣ ግን ቢያንስ ትራንስፖርትህን ጠይቅ። ከሌለ ነገ አትሂድ። የልምድ ማስረጃ ግን በጽሑፍ ሳትቀበል እንዳትወጣ፣ ለጥብቅና ፈቃድ ስታመለክት ትፈልገዋለህ።

ጥያቄ፦ ውጭ ሄጄ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ልማር ወይስ እዚሁ ልሥራ?

መልስ፦ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተሽ ሂጂ፣ ምን መማር እንደምትፈልጊ ያኔ ታውቂዋለሽ። አሜሪካ ለመቅረት የምታስቢ ከሆነ ደግሞ የኛ ዲግሪ ብቻውን እዚያ ጠበቃ አያደርግም፤ ኒው ዮርክን የመሰለ ቦታ ኤልኤልኤም ጨምረሽ የጥብቅና ፈተናቸውን እንድትወስጂ ይፈቅዳል፣ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን ያስቸግራሉ። ብትቀሪም አልፈርድብሽም። እዚያም ወረቀት ያልገባው ሐበሻ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ጉዳይ ገዳይ ሳይያዝ ነገር አያልቅም ይባላል። ንጹሕ ሆኖ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን በነጻ አይደለም። ደንበኛ ታጪያለሽ። «ለዳኛው ስንት ይበቃል?» ብሎ የገባ ሰው «ምንም» ስትይው እንደማታውቂ ቆጥሮሽ ይወጣል። ከኔ ቢሮ የወጣ አንድ ሰውዬ የኮንዶሚኒየም ጉዳዩን ለደላላ ሰጥቶ፣ ብሩን ተበልቶ፣ የይግባኝ ጊዜው አልፎበት ተመለሰ። ብዙ ጊዜ እኮ ዳኛው ስሙ እንደተነሣም አያውቅም፤ ደላላው ሁለቱም ወገን ዘንድ ይበላል፣ ያሸነፈው «ሠራልኝ» ይላል፣ የተሸነፈው የት ሄዶ ይከሳል? እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ክፍያዬን መጀመሪያ በጽሑፍ አስፈርማለሁ፣ ከዚያ ውጭ በስሜ አንድ ብር ቢጠየቁ እንዲደውሉልኝ እነግራቸዋለሁ። ሁለቴ ተደውሎልኛል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ችሎቴ ሰኞ ነው። ከአሁኑ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ምን ልያዝ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ! ሁለት ሰዓት ላይ ድረሽ። ስምና የመዝገብ ቁጥሩ የዕለቱ ዝርዝር ላይ መኖሩን እዪ፣ ከሌለ ሳትደነግጪ ሬጅስትራሩን (መዝገብ ቤቱን) ጠይቂ፣ ችሎቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ውክልናሽን ከላይ አድርጊው። የሁሉም ሰነድ አንድ ትርፍ ኮፒ ያዢ፣ ሁሌም አንዱ ይጎድላል። ሲጠሩሽ ቁሚ፣ «የተከበረው ፍርድ ቤት» በይ፣ ከዚያ የምትጠይቂውን ዳኝነት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልሽ የምትፈልጊውን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ያልጠበቅሽው ጥያቄ ከመጣ አትፍጠሪ፣ «አጣርቼ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላስረዳ» ማለት ነውር የለውም። ተለዋጭ ቀጠሮ ሲሰጡ ቀኑን እዚያው ጻፊው፣ ከዚያ ለደንበኛሽ ነግረሽ መልሳ እንድትነግርሽ አድርጊ። ቁርስ ብዪ። ዝርግ ጫማ አድርጊ፣ ወንበር ላይኖር ይችላል።