የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በበርጋ ረግረግ የተሸሸገው ወፍ

ጥያቄ፦ ቁጥሩ በዓለም ላይ እጅግ የመነመነ አንድ ትንሽ ወፍ በክረምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በርጋ ረግረግ ላይ እንደሚገኝ ሰማሁ። በነሐሴ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ላሳያቸው አስቤ ቦት ጫማና ካሜራ አዘጋጅቻለሁ። ወፉን እንዴት ላገኘው እችላለሁ?
አንድ አባት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሐሳብዎ ደስ ያሰኘናል፤ ሆኖም በነሐሴ ወደ ረግረጉ ውስጥ እንዳይገቡ አጥብቀን እንለምንዎታለን።

የጠየቁት ወፍ በእንግሊዝኛ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳሮትሩራ አይሬሲ የሚባለው ነው። ከአንድ ስንዝር ያነሰ ሲሆን ውሎው በሣርና በቄጠማ ሥር እየተሹለከለከ ነው፤ ሰው እግሩ ሥር ካልደረሰበት በቀር አይነሣም፤ ሲነሣም የክንፉ ነጭ ብልጭ ይልና ጥቂት በርሮ ሣሩ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ በእግር ገብቶ እርሱን ማየት ማለት ከመሸሸጊያው ማባረር ማለት ነው። ጎጆውም እዚያው በሣሩ መካከል፣ ከውሃው ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚሠራ በቦት ጫማ ለሚራመድ ሰው አይታየውም።

በርጋ ላይ እንደሚራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ መራባቱ የተረጋገጠው ገና በ2018 ነው። ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል።

ከጎብኚ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የሣሩ ነገር ነው። ወፉ የሚፈልገው በክረምቱ ጥቂት ሳምንታት ሣሩ ሳይረገጥና ሳይታጨድ እንዲቆይለት ብቻ ነው፤ ከብት ቀድሞ ከተሰማራበት፣ ውሃው በቦይ ከተጠነፈፈ ወይም መሬቱ ከታረሰ ግን ጎጆ መሥሪያ አያገኝም። ለከተማችን የወተት ላሞች የሚጫነው ድርቆሽ የሚታጨደው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጫጩቶቹ ካደጉ ወዲያ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ የተከለለ መስክ ለገበሬውም ለወፉም ይበቃል። ይህን የሚወስነው በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ ነው፤ ጥበቃው ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት ከማሠራት ጋር ተያይዞ መካሄዱም በእኛ አስተያየት ከሁሉ የተሻለው እርምጃ ነበር።

ልጆችዎን በኅዳር ወደ ገፈርሳ ግድብ ይውሰዷቸው፤ መንገዱ ወደ በርጋ የሚወስደው ያው የሆለታው መንገድ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስደግፎ በውሃው ዳር ሣር ሲግጥ፣ ማንንም ሳይረብሹ ያዩታል።