ለቼዝ ፕሮግራሞች ውድድር ፍትሐዊ የሰዓት ገደብ ስለመምረጥ

ስምንት ፕሮግራሞች ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ በሚገጥሙበት የአንድ ቀን የቼዝ ውድድር ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቋሚ 30 ሰከንድ መስጠት ይሻላል ወይስ ለጠቅላላው ጨዋታ አንድ የሰዓት መጠን መመደብ ለሚለው ጥያቄ፣ እንዲህ ያሉ ውድድሮችን ለዓመታት ሳዘጋጅ ካየሁት ተነሥቼ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጥቂት ሰከንድ የሚጨመርበት እስከሆነ ድረስ።

ቋሚ ሰከንድ በመጀመሪያ ሲታይ እኩልነት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መቼ ረጅም ጊዜ ማሰብ፣ መቼ ፈጥኖ መጫወት እንደሚገባ መለየት ራሱ የፕሮግራሙ ችሎታ አካል ነው። ንጉሡ ቼክ ተብሎ መሸሻው አንድ ካሬ ብቻ በሆነበት ቦታ ፕሮግራሙ 30 ሰከንዱን ሙሉ በከንቱ ሲፈጅ፣ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ቦታው ያለው ግምት በድንገት ማሽቆልቆል ሲጀምርና አማራጭ መፈለግ ሲገባው ፍለጋው መሀል ላይ ሲቋረጥ በጨዋታ መዝገቦች ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ይፋ በሆነው፣ አልፋዜሮና ስቶክፊሽ የተባሉት ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞች ባደረጉት ግጥሚያ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ደቂቃ መሰጠቱ ብርቱ ትችት ያስከተለው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ስቶክፊሽ ሰዓቱን ለማከፋፈል የተደከመበት ክፍሉ ሥራ ፈት ሆኖ ነበርና። በ2018 በታተመው ሁለተኛ ግጥሚያ ለጨዋታው 3 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 15 ሰከንድ ጭማሪ ተሰጠ። አልፋዜሮ ከ1000 ጨዋታዎች 155 አሸንፎ በ6 ብቻ ተሸነፈ፤ የበላይነቱ ባይለወጥም ያ ክርክር ግን መነሻውን አጣ።

መጠኑን ለመወሰን ከቀኑ ርዝመት ወደ ኋላ ማስላት ይበጃል። ስምንት ተወዳዳሪዎች ሰባት ዙር ያስፈልጋቸዋል፤ አራቱ ጨዋታዎች ጎን ለጎን ከተካሄዱና ለአንድ ዙር አንድ ሰዓት ከተመደበ ውድድሩ በሰባት ሰዓት ያልቃል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም 15 ደቂቃና በእንቅስቃሴ 5 ሰከንድ ጭማሪ ቢሰጥ፣ እያንዳንዱ ወገን 150 ጊዜ የሚንቀሳቀስበት እጅግ ረጅም ጨዋታ እንኳ ቢበዛ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ይኸው ጨዋታ በቋሚ 30 ሰከንድ ቢካሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚወስድ ሌሎቹን ሁሉ ቆመው እንዲጠብቁ ያደርጋል።

የቀድሞው የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1980ዎቹ መጨረሻ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት የጭማሪ ሰከንድ ዘዴ ለፕሮግራሞች ተጨማሪ ጥቅም አለው። እንቅስቃሴው በኔትወርክ ሲተላለፍ በየጊዜው 0.3 ሰከንድ ቢባክን በ100 እንቅስቃሴ 30 ሰከንድ ይጠፋል፤ ጭማሪ ከሌለ፣ ያሸነፈበትን ጨዋታ በሰዓት ማለቅ የሚያጣ ፕሮግራም መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ ጭማሪው ከተለካው መዘግየት በግልጽ መብለጥ አለበት። ጉዳዩ «ጎ» በተባለው የጠጠር ጨዋታ ላይ ይብሳል፤ በቻይና የጎ አጨዋወት ሕግ በተጋጣሚ ክልል ውስጥ የማይረባ ጠጠር መጣል ነጥብ ስለማያስቀንስ፣ በቦርዱ ላይ የተሸነፈ ፕሮግራም ባላጋራው መልስ በሰጠ ቁጥር የባላጋራውን ሰዓት እያስጨረሰ ሊያሸንፍ ይችላል። ይህን ዓይነት ድል ድል ብሎ መመዝገብ ለእኔ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም።

እኩል ሰዓት እኩል አቅም ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሲሲአርኤል የተባለው የቼዝ ፕሮግራሞች ደረጃ አውጪ ቡድን 40 እንቅስቃሴ በ15 ደቂቃ የሚለውን ገደቡን በአንድ መነሻ ፕሮሰሰር ፍጥነት መዝኖ ለየፈታኙ ማሽን ያስተካክለዋል። በግራፊክስ ካርድ የሚሠራን የነርቭ ኔትወርክ (በሥልጠና የተገነባ የግምገማ ሥርዓት) ፕሮግራም በተራ ፕሮሰሰር ከሚሠራው ጋር በዚህ መንገድ ማመጣጠን ግን ስለማይቻል፣ ለየብቻ ማወዳደር ወይም የማሽኖቹን ዓይነት ከውጤቱ ጎን በግልጽ ማስፈር የተሻለ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ማሽን ላይ የሚጫወቱ ከሆነ በተጋጣሚ ተራ ማሰብ መከልከል አለበት፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ፕሮሰሰር ይሻማል። የነርቭ ኔትወርኩ ፋይልም ሰዓቱ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ተጭኖ ያልቅ።

ገደቡን ከሳምንታት በፊት አሳውቁ፤ የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች ፕሮግራማቸውን በትክክለኛው ሰዓት እንዲሞክሩት፣ እናንተም ጥቂት የሙከራ ጨዋታዎችን በዚያው ሰርቨር አካሂዳችሁ በሰዓት ማለቅ የተሸነፈ ካለ ምክንያቱን ከመዝገቡ እንድታጣሩ።