«ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ሰሌዳ አያድንዎትም

ጥያቄ፦ የሐዋሳ፣ የታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ግቢዬን የሚጠብቅ ትልቅ ጀርመን ሸፐርድ አለኝ። ከሦስት ቀን በፊት የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ክንዱንና ጭኑን ነከሰው። በሩን የከፈተለት ዘበኛዬ ነው፤ በሩ ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። ለሕክምና 3,000 ብር ሰጥተነዋል፤ አሁን ግን እከሳለሁ ይላል። ጥፋቱ የዘበኛው መሆኑን አስረድቼ፣ ውሻውንም ይርጋለም ዘመድ ቤት ልኬ ጉዳዩን መዝጋት እችላለሁ? አምና አፍ ማሰሪያ ሁሉ ገዝቼለት ነበር።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ውሻውን የትም አይላኩት፤ አያስገድሉት። ሰው የነከሰ ውሻ 10 ቀን ተዘግቶበት ይታያል። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረም ማለት ነው። ከሸሸ ግን ማረጋገጫው አብሮት ይሸሻል። ተጎጂው በስጋት ክትባቱን እስከ መጨረሻው ይወስዳል፣ ወጪው ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ዳኛውም ለምን እንዳሸሹት ይጠይቃል። ሰውየው በበኩሉ የውሻውን 10 ቀን መጠበቅ የለበትም። ቁስሉ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ካልታጠበ ዛሬም ይታጠብ፤ ክትባቱንም ዛሬውኑ ይጀምር። እባክዎ ይህን እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሩት። ውሻዎ ስለመከተቡ አንድ ቃል አልጻፉልንም። ካርዱ ካለ ያውጡት፤ ከሌለም ለጠበቃዎ አይደብቁ።

ሌላም ያልነገሩን ነገር አለ። ሰው ያለ ምክንያት አፍ ማሰሪያ አይገዛም። አምና ምን ተፈጠረ? ማንን ነከሰ፣ ወይም ማንን ሊነክስ ደረሰ? ጎረቤት ቀርቦ ሲመሰክር ጠበቃዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ላይ ከሚሰማው፣ ዛሬ ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል።

ሕጉ አጭር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው ድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ማወቅ ባይችልም። ሕክምናውን፣ የቀረበትን ገቢ፣ ለኅሊና ጉዳትም እስከ 1,000 ብር ሊጠየቁ ይችላሉ። የክሱ ጊዜ በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት ነው። በወንጀል በኩል ደግሞ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 አለ።

አሁን ብዙ ባለ ውሻ የሚወድቅበት ወጥመድ ላይ ደረስን። «ሰሌዳ ለጥፌአለሁ፤ በሩን የከፈተውም ዘበኛው ነው» ብሎ ለፖሊስ ቃል መስጠት መከላከያ ይመስላል። ሁለቱም ወደ እርስዎ ይመለሳሉ።

ከሰሌዳው እንጀምር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2086 ባለቤቱ «ጥፋት የለብኝም» ወይም «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» በማለት እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ኃላፊነቱን የሚያስቀር ወይም የሚቀንስ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ቆጣሪ አንባቢ ግን ሥራው መግባት ነው፤ በሩም ከውስጥ ተከፍቶለታል። አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ቢሆን ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። እዚህ ሰሌዳው የሚያስረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው እንደሚናከስ እርስዎ ያውቁ ነበር። ለቸልተኝነት ክስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ዐቃቤ ሕግ አይፈልግም።

ዘበኛው ደግሞ የባሰ ነው። አንቀጽ 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በባለቤትነት አስረክቦ ከኃላፊነት የሚወጣበትን ጠባብ በር ይከፍታል። ጉዳቱ በባለቤቱ ወይም እሱ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ግን ይህ በር ይዘጋል። «ዘበኛዬ አጥፍቷል» ባሉ ቁጥር በሩን በገዛ እጅዎ እየዘጉት ነው። ከዘበኛው ጋር የሚኖርዎት ሒሳብ ለብቻው፣ በኋላ የሚታይ ነው። ጠበቃ ሳያነጋግሩ ቃል አይስጡ።

ስለ ውሻው ልምከርዎ፣ ነገ ሌላ ሰው እንዳይነከስ። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ከሆነ (አብዛኛው ግቢ እንዲህ ነው) ሰንሰለቱ ራሱ ያከፋዋል። መንገደኛውን ያያል፣ ሊደርስበት አይችልም፣ መሸሻም የለውም፤ ፍርሃቱና ንዴቱ ተጠራቅሞ ያገኘው ሰው ላይ ያርፋል። በሰንሰለቱ ፋንታ ከመግቢያው በር የራቀ፣ ከውጭ የሚቆለፍ የሽቦ አጥር ይሥሩለት። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ውሻው እዚያ መቆለፉን ዘበኛው በዓይኑ ያረጋግጥ። ሲያጉረመርም አይምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ካጠፉት ቀጥሎ የሚመጣው ያለ ድምፅ መንከስ ነው። አፍ ማሰሪያው አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለው የቅርጫት ዓይነት ይሁን፤ በጨርቅ የታፈነ ውሻ በሐዋሳ ሙቀት ሊሞት ይችላል። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ እንስሳት ሐኪም ይመርምረው፤ ጆሮውን ወይም ዳሌውን የሚያመው ውሻም ይናከሳል።

የሰጡት 3,000 ብር ደረሰኝ አለው? ከሌለው ሰጥቻለሁ ማለትዎ በቃልዎ ብቻ ይቀራል። የሕክምና ደረሰኞቹን ቅጂ፣ የውሻውን የክትባት ካርድ፣ የበሩን ፎቶግራፍና የዘበኛውን የሥራ ውል ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ጋ ይሂዱ። በሽማግሌ የምትታረቁ ከሆነ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው የትኛውን ጉዳት እንደሚሸፍን፣ የቀሩትን ክትባቶችና የሥራ ፈት ቀናት ጨምሮ፣ ለይቶ ይጻፍ። ጠበቃዎ ሳያነበው አይፈርሙ።