ሁሉም ሲስቅ «ምን አሉ?» የሚለው ልጅ
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ ወዲህ አይሰማም። ትንሽ ሳለ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ይውል ነበር፤ አሁን እነሱ ወሬና ተረት ስለጀመሩ ትተውት ይሄዳሉ። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲስቅ ልብሴን እየጎተተ በእጁ «ምን አሉ?» ይለኛል፤ እኔም «ቆይ» እለዋለሁ። ሰሞኑን መጠየቁን ተወው። ጠበል አስጠምቄዋለሁ፣ ዱዓም አስደርጌለታለሁ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከኩታበር

መልስ፦ እኅታችን አብሽሪ፤ በሰባት ዓመቱ ብዙ መያዝ ይችላል። የሚባክን ጊዜ ግን የለም። ልጁ መጠየቁን የተወው ጠይቆ መልስ እንደማያገኝ ስላወቀ ነው። መስማት ከተሳናቸው 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገውን ምልክት ቋንቋ ሌላው ልጅ ቋንቋን ከእናቱ አፍ እንደሚቀስም አይቀስመውም፣ ቤተሰቡ አብሮት መማር አለበት። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ቋንቋው ግን እነሱን እየጠበቀ አይቆይ።

«እጁን ከለመደ አፉ አይፈታም» የሚሉሽን አትስሚ፤ ምልክት ቋንቋ ንግግርን አያግድም። ከንፈር እያዩ መረዳት ደግሞ ብቻውን አያዋጣም። «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «ተራ»፣ «ጠራ» እና «ደራ»ም እንደዚያው። «ከ»፣ «ገ» እና «ቀ» ወደ ጉሮሮ ገባ ብለው ስለሚወጡ ጭራሽ አይታዩም። ቋንቋ ያለው ሰው ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል፤ ልጅሽ የሚገምትበት ቋንቋ ገና አልያዘም።

እስካሁን በቤት የፈጠራችኋቸውን ምልክቶች አትጣሏቸው፤ በእነሱ ላይ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ጨምሩ። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 10 ምልክት ለመጀመሪያ ይበቃል፣ ቤተሰቡ በሙሉ እስከተማረ ድረስ። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው»፣ «ተቀመጥ» ይማሩና ያቆማሉ። ትእዛዝ ብቻ የሚደርሰው ልጅ ምክንያቱን ስለማያውቅ ይቆጣል፣ ከዚያ «ባለጌ» ይባላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ማን»፣ «ለምን»፣ «መቼ»፣ «ትናንት»፣ «ነገ»፣ «ፈራሁ»፣ «ናፈቀኝ» ይግቡበት። ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ሠርግ ሲኖር፣ ሰው ሲሞት በሥዕልም ቢሆን ይነገረው። አያቱ የት እንደገቡ ማንም ያላስረዳው ልጅ በየቤቱ አለ፤ ይህ ከባድ በደል ነው።

ቡናው ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩንና የሰዉን ሁሉ ፊት በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ። በር ወይም መስኮት ከኋላው ያለ ሰው ፊቱ ይጨልምበታል። ማታ ኩራዙም ሆነ የሶላሩ መብራት የሚናገረው ሰው ፊትና እጅ ላይ ይረፍ። መናገር የፈለገ መጀመሪያ እጁን ያንሣ፣ ተራ በተራም ይነገር። ልጁን ለመጥራት ትከሻውን ነካ ማድረግ ወይም በሚያይበት በኩል እጅ ማወዛወዝ ነው። የእንጨት ወለል ከሆነ በእግር መምታትም ይደርሰዋል፤ የአፈር ወለል ግን ንዝረቱን ይውጠዋል። ዕቃ መወርወርና አገጩን ይዞ ማዞር ይቅር። በ«ቆይ» ፈንታ «ስለ አጎትህ በሬ ነው» በዪውና ዝርዝሩን ከአቦሉ በኋላ ጨርሺለት፤ ቃል ከገባሽ ፈጽሚው። ታላቅ እኅት ካለችው የዘወትር አስተርጓሚ አታድርጓት፣ እሷም ልጅ ናት።

ቤት ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንደሱ ያሉ ልጆች ያስፈልጉታል። ደሴ ቅርብሽ ናት። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ካለ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ልዩ ክፍል የት እንዳለ ጠይቂ። ከማስመዝገብሽ በፊት አንድ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ተቀመጪና እይ፦ መምህሩ ምልክት ቋንቋውን አቀላጥፎ ያወራል ወይስ በአፉ እየተናገረ በጣቱ ይጠቁማል? የልጅሽ እኩዮች ስንት ናቸው? ክፍሉ እስከ ስንተኛ ድረስ ነው፣ ከዚያስ በኋላ አስተርጓሚ ይኖራል? መስማት የተሳነው አዋቂ እዚያ ይሠራል? የመጨረሻው ቀላል ነገር አይምሰልሽ፤ እንደሱ ያለ ጎልማሳ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሲያድግ መስማት የሚጀምር የሚመስለው አለ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር አባላትን አፈላልጊና ልጁን ይዘሽ አብረሻቸው ዋዪ። ለትምህርቱ ብለሽ ዘመድ ቤት ካስቀመጥሽው ደግሞ እዚያም ቢያንስ አንድ ሰው ምልክት ይማር፤ አለዚያ ብቸኝነቱ ቤት ቀየረ እንጂ አልቀረም። «ቦታ የለም» ካሉሽ፣ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ምልክት ቋንቋ የመማር መብቱን እንደሚጠብቅለት ንገሪያቸው።

ጆሮውን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይየው። መግል ቢወጣ ዘይትም የቅጠል ጭማቂም እንዳይጨመርበት። የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘለትና ማፏጨት ከጀመረ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት ጆሮው አድጎ በልኩ የተቀረጸው ክፍል መላላቱ ነው፤ እንደገና ይቀረጽ።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳናትን ተማሪዬን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ጮክ እያልሁ አስተምራታለሁ። በዕረፍት ሰዓት ግን ብቻዋን ናት።
መምህር፣ ከመርሳ

መልስ፦ ጩኸት የከንፈርን ቅርጽ ያዛባል፤ ይተዉት። ወደ ሰሌዳ ዞረውም አይናገሩ፦ ይጻፉ፣ ይዙሩ፣ ከዚያ ያስረዱ። ለክፍሉ በሙሉ በየቀኑ 10 ደቂቃ የጣት ፊደል ያስተምሩ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ሰባቱ እርባታዎች (ከ«ሀ» እስከ «ሆ») ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴና አያያዝ ይለያሉ፤ ስለዚህ «ሀ ሁ»ን የሚያውቅ ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። በየራሳቸው ስም ይጀምሩ። የጣት ፊደል ግን ማንበብ ለሚችል ብቻ ነው የሚጠቅመው፣ የምልክት ቋንቋውንም አይተካም። ጨዋታ በፊሽካ ፈንታ በሻሽ ይጀመር። አንድ «ረዳት» ጓደኛ አይመድቡላት፤ ሦስት አራት ልጆች በቡድን ይሁኑ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ደሴ ልዩ ክፍል ነው የምትማር። ለክረምት ስትመጣ ስልኳ ላይ ተጥዳ ከጓደኞቿ ጋር በቪዲዮ በምልክት ታወራለች፤ እኛን ትሰለቻለች። ስልኩን ልቀማት?
አባት፣ ከወልዲያ

መልስ፦ አይቀሟት። እዚያ ሁሉንም የምትናገርበት ቋንቋ አግኝታለች፤ ቤት ስትመጣ የሚጠብቋት ግን በልጅነቷ የምታውቃቸው ጥቂት የቤት ምልክቶች ናቸው። እናንተን መጥላቷ አይደለም፣ ወሬዋ ጠብቦባት ነው። በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት እሷ ታስተምራችሁ፤ ስትስቱ ትሳቅ፣ ታርማችሁ። ለእያንዳንዳችሁ የምልክት ስም፣ ማለትም በእጅ የምትጠሩበትን ምልክት፣ እንድትሰጣችሁ ጠይቋት። ለበዓል አንዲት ጓደኛዋን ቤት ጋብዙላት። ደሴ በምትሆንበት ጊዜም እርስዎ ራስዎ በቪዲዮ ይደውሉላት፦ ሁለት እጅዎ ነፃ እንዲሆን ስልኩን አንድ ነገር ላይ ያስደግፉት፤ መብራቱም ከፊትዎ ይሁን።

ሌላም ያልጠየቁት ነገር አለ። መናገር አትችልም ብሎ የሚደፍራት ሰው ሊኖር ይችላል። እናቷ ወይም አክስቷ የአካል ክፍሎችን ምልክት፣ «አልፈልግም»ን፣ «እገሌ ነካኝ»ን ይወቁና ያስተምሯት። ለማን እንደምትናገርም ሁለት ሰው ለይታ ትያዝ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ወልዲያ።