ሜሹን ፋይን ባደረግኩት ቁጥር ውጤቱ ለምን ይርቃል?

ኮምቦልቻ ሆነህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ አብሽር፣ ሶፍትዌሩ ምንም አልሆነም። እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን አየር በኮምፒውተር፣ በኬ-ኤፕሲሎን (የአየሩን ትርምስ በሚገምት ሞዴል) አስልተሃል። ሜሹ፣ ማለትም ቱቦው ለስሌት የተከፋፈለበት የሴሎች መረብ፣ በሰፋፊ ሴል ሲሆን የግፊት ልዩነቱ ከተለካው ጋር ተቀራረበ፣ ሜሹን ስታደቀው ግን ራቀ። ነገሩ ይኸው ነው አይደል?

መጀመሪያ ዋይ ፕላስህን (ሴሉ ከግድግዳው ያለውን ርቀት የሚገልጸውን፣ መለኪያ አሃድ የሌለውን ቁጥር) እይ። ዎል ፈንክሽን (ግድግዳው ጋ ያለውን ፍሰት በዝርዝር ከማስላት ይልቅ በሎግ ቀመር የሚተካውን ዘዴ) ከተጠቀምክ፣ ከግድግዳው የመጀመሪያው ሴል መሃሉ ዋይ ፕላሱ ከ30 በላይ መሆን አለበት፣ የሎግ ቀመሩ የሚሠራው እዚያ ነዋ። ሜሹን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስታደቅ ያ ሴል በ5 እና በ30 መካከል ገብቶብህ ይሆናል። እዚያ ደግሞ ሎጉም፣ ለግድግዳው ይበልጥ ቅርብ የሚሠራው ቀጥተኛውም ቀመር ልክ አይመጣም። ሴል በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚባለው ቱቦው መሃል ላይ እውነት ነው፣ በዎል ፈንክሽን ግድግዳው ጋ ግን አይሠራም።

እኔ ብሆን ወደ ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ ወደሚባለው ሌላ የትርምስ ሞዴል እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ሴል ዋይ ፕላስ 1 አካባቢ አድርገህ ከግድግዳው ስትርቅ እያንዳንዱን ንብርብር በ1.2 እጥፍ ገደማ አሳድገው። ቱቦ ሲሰፋ አየሩ ከግድግዳው ሊላቀቅ ይችላል፣ ኬ-ኤፕሲሎን ደግሞ ይህንን አዘግይቶ ነው የሚያሳየው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አያሳይም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ የመጀመሪያው "ጥሩ" ውጤት ሁለት ስህተት እርስ በርስ ተጣፍቶ የመጣ ይመስለኛል።

የአየሩን ዴንሲቲስ (እፍጋቱን) ነክተኸዋል? ብዙ ሶፍትዌር 1.225 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ብሎ ይጀምራል፣ እሱ የባሕር ወለል ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከ1 በትንሹ ያንሳል። በዚህ ብቻ የግፊት ልዩነቱ ሩብ ያህል ሊጋነን ይችላል፣ ዋይ ፕላሱም አብሮ ይዛባል።

ኤልኢኤስ (ትልልቁን አዙሪት በቀጥታ የሚያሰላውን ዘዴ) ሞክር ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው። እዚያ ሜሹ ራሱ ወንፊት ነው፣ ትልልቁ አዙሪት ይሰላል፣ ያመለጠው ለሞዴል ይተዋል። በ1963ቱ የስማጎሪንስኪ ሞዴል ያመለጠውን አዙሪት የሚተካው ቪስኮሲቲ (የአየሩ ተጨማሪ ዝልግልግነት) ከሴሉ ጎን ርዝመት ካሬ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሜሽ ስትቀይር ሞዴሉንም ቀየርክ ማለት ነው፣ "ከሜሽ ነጻ ውጤት" የሚባለው ነገር እንደ ራንስ (እንደ ኬ-ኤፕሲሎን ያሉት፣ አማካዩን ፍሰት ብቻ የሚያሰሉት) ቀላል አይደለም። ወጪው ደግሞ አለ፤ የሴሉን ጎን በግማሽ ስትቀንስ የሴሎቹ ብዛት 8 እጥፍ፣ የጊዜ እርምጃው ሲጨመር ሥራው 16 እጥፍ ይሆናል። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህን በአንድ ላፕቶፕ አልመክርህም፣ የምትሞክር ከሆነ ግን በየመሃሉ ሴቭ ማድረግ እንዳትረሳ።

አሁን ሦስት ሜሽ ሥራ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሴሉን ቢያንስ በ1.3 እጥፍ አጥብበው፣ ግድግዳው ጋ ያለውን ግን በዚያው ዋይ ፕላስ ያዘው። ግፊቱን ብቻ ሳይሆን አየሩ የት ቦታ እንደሚላቀቅም አወዳድር። ከዚያ የዋይ ፕላሱን ሥዕል እዚሁ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።