ማራገቢያው ከጅቡቲ ተነሳ ወይ?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ» አለ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ሳልጨርስ፣ «ግን 22 ሰው ነው። ግማሾቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ምን ላድርግ?» አለኝ። በስልክ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ይኸው አሁን ጻፍኩለት። እንደሱ ትናንት ባልደረባ፣ ዛሬ አለቃ የተባላችሁም አንብቡት።

እኔ የሠራሁት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከንብረት ክፍል ጸሐፊነት ተነስቼ የምርት ኃላፊ ሆኜ፣ 60 ዓመት ሲሞላኝ ጡረታ ወጣሁ። የሥልጠና ሰርተፊኬቶቼ አንድ ካርቶን ሞልተዋል። ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ ግን ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት ደብተር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ መተኮሻ ክፍል የሚሠሩ አንድ አባት «ሙቀቱ ሊገለን ነው» አሉኝ። «ማራገቢያ አስገዛለሁ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ቢሮ ስደርስ ስልክ ጮኸ፣ ፊርማ ተጠየቅሁ፣ ረሳሁት። ከሦስት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ፣ ብረቱን ከጨርቁ ላይ ሳያነሱ «ጋሼ፣ ያ ማራገቢያ ገና ከጅቡቲ አልተነሳም እንዴ?» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ደብተሯን ገዛሁ። በቀኝ ገጽ እኔ ለሰው ቃል የገባሁትን፣ በግራ ገጽ ሰው ለእኔ ቃል የገባውን እጽፋለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የተፈጸመውን እሰርዛለሁ። ያልተሳካ ካለ ራሴ ሄጄ «አልሆነም፣ በጀት የለም» እላለሁ። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት የምትከብደው። ሰው ግን «አልሆነም» ሲባል ብዙም አይቀየምም። የሚቀየመው ዝም ሲባል ነው።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደ እኛ ፋብሪካ ሲመጣ ብዙዎቻችን የጽዳት ዘመቻ መስሎን ነበር። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሞ ነበር። ከዚያ በፊት ከጃፓኖች ጋር በ30 ድርጅቶች ተሞክሯል፤ እኛ ከነዚያ ውስጥ አልነበርንም። ግድግዳው ላይ «አምስቱ ማዎች» (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ) የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ አቧራ ጠጣ። እኔ ዘንድ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ችግሩ ያለበት ቦታ ሄዶ በዓይን ማየት። ስለዚህ ጠዋት ቢሮዬን ከመክፈቴ በፊት መስመሮቹን አንድ ዙር እዞር ነበር። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ክሩ አልቆ የቆመ ማሽን፣ ትናንት ተጣልተው ዛሬ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች፣ ፊቷ የገረጣ ልጅ፣ አንዱም ሪፖርት ላይ አይወጣም። ስትዞሩ ታዲያ ስልካችሁን ቢሮ ተዉት። ጥፋት ፈላጊም አትምሰሉ። ሰው ወዲያው ይነቃል።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። አንዲት ሰፊ በተደጋጋሚ ታረፍድ ነበር። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ሁለት ደብዳቤ ፈረምኩባት። ሦስተኛውን ልፈርም ስል እስክሪብቶው አልጽፍ አለ። ሌላ እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ «ለምንድነው የምታረፍጂው?» አልኳት። ለካ የልጇ መዋዕለ ሕፃናት በሩን የሚከፍተው 2 ሰዓት ላይ ነው። የእኛ ሥራ የሚጀምረው 1:30 ነው። ልጁን የምትተውበት ዘመድ የላትም። ግማሽ ሰዓቷን ማታ እንድታካክስ አደረግን፤ ማርፈዱ ቆመ። ከዓመት በኋላ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሌላ ፋብሪካ ገባች። እኔን የሚቆጨኝ እስክሪብቶው ባይደርቅ ኖሮ አለመጠየቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ማስጠንቀቂያ ፈርሜ አላውቅም። አንዳንዱ ዋሽቶኛል፤ ይዋሽ።

ቁጣን በተመለከተ ብዙ አልልም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጥፋት ካለ በር ዘግታችሁ ተናገሩ፤ ምስጋናን ሰው ፊት።

ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የትርፍ ሰዓት ቅጹን ራሳችሁ እዩት። «የፋይናንስ ሥራ ነው» አትበሉ። ቀን የተሠራው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሆነው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ነው። የመስቀል ዕለት የሠራ ሰው እንደ ተራ ቀን ሲታሰብለት አይቻለሁ። ሠራተኛው ሒሳብ ክፍልን አያውቅም፤ የሚያውቀው እናንተን ነው። ስለ ራዕይና ተልዕኮ አንድ ሰዓት ብታወሩለት፣ ያቺን የጎደለች ብር አትሞላለትም።

ለቅሶም ሂዱ። ሩብ ሰዓት ተቀምጣችሁ ብትመለሱ ይበቃል። ምሳም አንዳንዴ ክበብ ብሉ፤ ወጡ መቅጠኑን በቅሬታ ሳጥን ከማንበብ ቀምሶ ማወቅ ይሻላል። እኔ በዚህ ሰነፍ ነበርኩ። ቤቴ ቅርብ ስለነበር ሚስቴ የሠራችውን ለመብላት እሮጥ ነበር።

የእህቴ ልጅ ታላላቆቹን እንዴት እንደሚያዝ ነው የጠየቀኝ። ጋሼ፣ እትዬ ማለትህን አለቃ ስለሆንክ አታቁም። ሥራውን ከአንተ በላይ የሚያውቁትን «እስቲ ያሳዩኝ» በላቸው። እነሱ ካሳዩህ በኋላ የምታዘው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ሐሳብ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ደብተሮቹን እስካሁን አልጣልኳቸውም፤ አስራ አንድ ናቸው። የመጨረሻዋ ላይ ያልተሰረዘ አንድ መስመር አለ፦ «የማታ ጥበቃው፣ የዝናብ ልብስ»። የጻፍኩት ሐምሌ ላይ ነው። ጡረታ የወጣሁት ጥቅምት።